«አበገነኝ» ስንል ሰውነታችን ምን ይሆናል?

(ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ በቅሬያችን (በእድራችን) ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። በመጨረሻ የተነሱትን ጥያቄዎችም ጨምሬያቸዋለሁ።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሰብሳቢያችን «አንቺ ነርስ ነሽ፤ ስለ ጭንቀትና ስለ ሰውነት ሕመም ትንሽ አጫውቺን» ሲሉኝ ከየት እንደምጀምር ሳስብ አደርኩ። ከአንድ ቃል ልጀምር።

ሰው ሲያናድደን «አበገነኝ» እንላለን። «ብግን ብያለሁ» እንላለን። ሐኪሞች ደግሞ ሰውነት ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲያተኩስና ሲያም «ብግነት» ይሉታል። ሥሩ አንድ ነው። ቁስልም እንደ ሰው «ተቆጣ» ይባላል። ቋንቋችን ንዴትንና ብግነትን ከጥንት ጀምሮ አንድ ቤት አስቀምጧቸዋል። ዛሬ የማወራው ሁለቱ በሰውነታችን ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ነው።

መጀመሪያ ግን ብግነት ጠላት እንዳይመስላችሁ። እግራችሁን እሾህ ሲወጋችሁ አካባቢው ይቀላል፤ ያብጣል። ደም ሥሮች ሰፍተው ነው። በሽታ ተከላካይ የሆኑት ነጭ የደም ሴሎች ከደም ወጥተው ጀርሙን እየበሉ ነው። ያ ባይሆን በእሾህ እንሞት ነበር። ችግሩ እሳቱ ሥራውን ጨርሶ አልጠፋ ሲል ነው።

አሁን ስለ አያቴ ልንገራችሁ። በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከዚህ ከተማ እንዴት እንደወጣን እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። አያቴ ጉልበቷን ካመማት ዓመታት አልፈዋል። ከቤት ሰኞ ገበያ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች። የዚያን ቀን ግን የኮምቦልቻን ቁልቁለት በእግሯ ወረደችው። ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድም ጊዜ «ጉልበቴን» አላለችም። «እንረፍ» የምላት እኔ ነበርኩ። እሷ ነጠላዋን አጥብቃ ታስራለች፤ ትቀጥላለች። ዘመድ ቤት ገብተን ሳምንት ሲሞላን ግን ጉልበቷ እንደ ቅል አበጠ። ለወራት አልለቀቃትም።

ቁልቁለቱ የራሱን ጉዳት አድርሷል፤ አልክድም። ግን በመንገድ ላይ ሕመሙ የት ሄዶ ነበር? ለምንስ ለወራት አልበርድ አለ? ነርስ ሆኜ እንኳ መልሱን ለማግኘት ብዙ አንብቤያለሁ።

ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ እንደ ቆብ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉ። እያንዳንዳቸው ጥቂት ግራም ብቻ ናቸው። የእጢው መሐል አድሬናሊን ያመነጫል። ቅርፊቱ ደግሞ ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ይሠራል። አድሬናሊንን ለይቶ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1901 ለዓለም ያስተዋወቀው ጆኪቺ ታካሚኔ የሚባል ጃፓናዊ ኬሚስት ነው። አድሬናሊን ኖርአድሬናሊን የሚባል ወንድምም አለው። እሱ በብዛት የሚወጣው ከነርቮቻችን ጫፍ ነው።

ስንደነግጥ አድሬናሊን በሴኮንዶች ውስጥ ይረጫል። ልብ ይመታል፤ ጉበት ስኳር ይለቃል፤ የሳንባ ቧንቧ ይከፈታል፤ ሆድ ሥራ ያቆማል። አንጎልም በዚያች ሰዓት የሕመምን ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል። የአያቴ ጉልበት ዝም ያለው በአንድ በኩል በዚህ ነው። ይህን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ብዙ የማይወራው ነጭ ሴሎቹ የሚያደርጉት ነው።

በሰላሙ ጊዜ ብዙ ነጭ የደም ሴሎች ከደሙ ጋር አይዞሩም። የደም ሥር ግድግዳ ተደግፈው፣ ጣፊያ ውስጥ ተጠግተው ይቀመጣሉ። ገጠር ያደጋችሁ ኡኡታን ታውቃላችሁ። ከጋራው ማዶ አንድ ሰው «ኡኡ!» ካለ የተኛው ይነሳል፤ የሚያርሰው ሞፈሩን ይጥላል፤ ሁሉም ወደ መንገድ ይወጣል። አድሬናሊን ኡኡታ ነው። ሴሎቹ ከግድግዳው ይላቀቃሉ፤ ከጣፊያ ይወጣሉ። በደቂቃዎች ውስጥ በደም ውስጥ ያለው ቁጥራቸው ከፍ ይላል። ቆይተው ደግሞ ጉዳት ወደሚበዛበት፣ ወደ ቆዳና ወደመሳሰለው ይሰማራሉ። ሰውነት ገና ሳይቆስል ለቁስል ይዘጋጃል ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሱብሃነላህ እላለሁ።

ታዲያ አድሬናሊን ብግነትን ያባብሳል ማለት ነው? እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን ከዚህ ይሰፋል።

በነጭ ሴሎች ቆዳ ላይ አድሬናሊንን የሚቀበል በር አለ። ቤታ ሁለት ተቀባይ ይባላል። አድሬናሊን ይህን በር ሲያንኳኳ ሴሉ ቲኤንኤፍ የሚባለውን እሳት የሚያቀጣጥል መልእክት ይቀንሳል። ኢንተርሉኪን 10 የሚባለውን፣ እሳት የሚያበርደውን ደግሞ ይጨምራል። ሰዉን ኡኡ ብሎ የጠራው ራሱ «ቤቱን እንዳታቃጥሉ» ብሎ ያስጠነቅቃል እንደማለት ነው።

ይህ በሰው ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ24 ጤነኛ ወጣቶች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። 12ቱ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ፣ ትንፋሽ መያዝና ቅዝቃዜ መቋቋም ተለማመዱ። 12ቱ አልተለማመዱም። ከዚያ ለሁሉም ከባክቴሪያ የተወሰደ መርዝ በመርፌ ተሰጣቸው። መርዙ በሽታ አያስይዝም፤ ለሰዓታት ግን እንደ ጉንፋን ያንቀጠቅጣል። የተለማመዱት እየተነፈሱ ሳለ አድሬናሊናቸው በጣም ከፍ አለ። ኢንተርሉኪን 10 ጨመረ፤ ቲኤንኤፍ ቀነሰ፤ ስሜታቸውም ቀለለ። ይህ በጥቂት ጤነኛ ወጣቶች ላይ የታየ ነው። «ለበሽታዬ መድኃኒት አገኘሁ» ብሎ ማንም ክኒኑን እንዳይጥል። ይህ ዓይነት አተነፋፈስ ራስ ስለሚያዞር ውሃ ውስጥ ወይም መኪና እየነዱ ፈጽሞ አይሞከርም።

ለእኛ የሚቀርበው ሌላው ነው። በካሊፎርኒያ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት 47 ሰዎችን ለ20 ደቂቃ በመሮጫ ማሽን ላይ አራመደ። እንደ አቅማቸው፣ መጠነኛ በሆነ ፍጥነት። ከዚያ ደማቸው ሲመረመር ቲኤንኤፍ የሚያመነጩት ሴሎች 5 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኙ። ትንሽ ቁጥር ናት። ግን 20 ደቂቃ ብቻ ነው! እኛ ደግሞ ማሽን አንፈልግም፤ ጦሳ ተራራ ሥር ተወልደን ዳገት አልጠፋብንም።

አድሬናሊን መድኃኒትም ነው። ንብ ነድፎት፣ ወይም ፔኒሲሊን ተወግቶ፣ ከንፈሩ የሚያብጥ፣ ጉሮሮው የሚዘጋ፣ የሚያፍነው ሰው አይታችሁ ይሆናል። ያ ብግነት ከልጓሙ ወጥቶ መላ ሰውነትን ሲያጥለቀልቅ ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም አድሬናሊን በጭን ጡንቻ ስንወጋ የሰፋው ደም ሥር ይጠብባል፤ እብጠቱ ይጎድላል፤ የሳንባው ቧንቧ ይከፈታል። በሞትና በሕይወት መካከል ያለ ሰው ዐይኑን ገልጦ ሲያየኝ የተሰማኝን በቃል አልገልጸውም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ «ትንሽ እንየው» አትበሉ። ይዛችሁ ሩጡ።

አሁን ወደ ኮርቲሶል።

እሱ እንደ አድሬናሊን አይቸኩልም፤ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ ለሰዓታት ይቆያል። ብግነትን በማብረድ ግን ማንም አይደርስበትም። ይህን ኃይሉን ያገኘንበት ታሪክ ደስ ይለኛል። ፊሊፕ ሄንች የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም መገጣጠሚያን የሚያጣምመውን ሩማቶይድ አርትራይተስ ያክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 አንድ ታካሚው የወፍ በሽታ ሲይዘው የመገጣጠሚያው ሕመም እንደተወው አየ። ነፍሰ ጡር ሴቶችም ላይ ተመሳሳይ ነገር አስተዋለ። «ሰውነት ራሱ የሚሠራው መድኃኒት አለ» ብሎ ወደ 20 ዓመት ፈለገ። በ1948 መስከረም ላይ፣ በእነሱ አቆጣጠር ነው፣ ከአድሬናል እጢ የታወቀውን ኮርቲዞን ከአልጋ መነሳት ላቃታት ሴት ሰጠ። በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። በ1950 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። በኮቪድ ጊዜ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት የሚሞቱትን በሲሶ የቀነሰው ዴክሳሜታዞንም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው።

ኮርቲሶል ከመንቃታችን አካባቢ ጣሪያ ይነካል፤ እኩለ ሌሊት ገደማ ከሁሉ ያነሰ ይሆናል። ብግነት የሚያቀጣጥሉት መልእክቶች ያን ጊዜ ይሰለጥናሉ። ጠዋት ጠዋት ጣታችሁ አልታጠፍ የሚላችሁ፣ «ብርዱ ነው» የምትሉት፣ ዘቡ ኮርቲሶል በሌሊት ስለሚያንቀላፋም ነው።

እዚህ ድረስ ሁለቱም ሆርሞኖች ደግ ናቸው። ታዲያ ጭንቀት ለምን ያሳምመናል? ዛሬ የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ኡኡታው ካላቆመስ? በየቀኑ፣ በየሌሊቱ፣ ለስድስት ወር «ኡኡ» የሚል ሰፈር ውስጥ ብትኖሩ ምን ትሆናላችሁ? መስማት ታቆማላችሁ። ነጭ ሴሎችም እንደዚያው ናቸው። ኮርቲሶል ለወራት ሲጎርፍባቸው የሚቀበሉበት በር ይደነዝዛል። ኮርቲሶሉ በደም ውስጥ አለ፤ የሚሰማው ግን የለም። ፍሬኑ ይረገጣል፤ መኪናው አይቆምም።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን በጉንፋን አሳይቷል። 276 ፈቃደኞች አፍንጫቸው ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ተጨመረባቸው። ረዘም ያለ ከባድ ጭንቀት ያሳለፉት ሴሎቻቸው ለኮርቲሶል የደነቆሩ ሆነው ተገኙ። በጉንፋን የመታመም ዕድላቸውም የበለጠ ነበር። የጉንፋን ንፍጥና ትኩሳት በአብዛኛው የራሳችን ብግነት መሆኑን አትርሱ።

ሌላው ጥናት ሁልጊዜ አንጀቴን ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ነው። የመርሳት በሽታ ያለበትን ዘመድ ቤት ውስጥ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችና በዕድሜ የሚመስሏቸው ሌሎች 13 ሴቶች ክንዳቸው ላይ በ3.5 ሚሊሜትር መሣሪያ ትንሽ ቁስል ተደረገባቸው። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘገየ። ለዚያች ለምታህል ቁስል! እዚህ ስንት እናት አለች፣ አልጋ የያዘ ሰው ለዓመታት የምታገላብጥ? ማንም «አንቺስ?» ብሎ የማይጠይቃት? በሥራዬ ላይ ቁስሏ አልጠግ ያላትን ሴት ሳይ አሁን ከስኳር ምርመራ ቀጥሎ «ቤትሽ ማንን ታስታምሚያለሽ?» እላለሁ።

ጭንቀት ሲረዝም መቅኔም ይነካል። ኖርአድሬናሊን ከነርቮች ወጥቶ አጥንት ውስጥ ይደርሳል፤ ነጭ ሴሎች በገፍ እንዲፈለፈሉ ያደርጋል። እነዚህ ሴሎች የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለ ስብ ውስጥ ሲገቡ ብግነቱን ያብሱታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 293 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ፍርሃትን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ይበልጥ የሚሠራባቸው ሰዎች መቅኔያቸውም ንቁ፣ የደም ሥር ብግነታቸውም ከፍተኛ ሆነ። የልብና የስትሮክ ሕመምም በዝቶባቸዋል። «በንዴት ደም ሥሬ ሊበጠስ ነው» የምትሉት ከንቱ ወሬ አይደለም።

አያቴ ላይ የደረሰውን አሁን አንድ ላይ አያችሁት። ቁልቁለቱን ስትወርድ ኡኡታውም ፍሬኑም ይሠሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በሰው ቤት፣ የቤቷን ወሬ ሳትሰማ፣ ሌሊት ሳትተኛ ከረመች። ኡኡታው አላቆመም። የተጎዳው ጉልበት ደግሞ የሚያበርደው አጣ። ነገሩን የምረዳው እንዲህ ነው።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። አባቶቼን ለማስቀየም አይደለም፤ ቤታችን ያለ ነገር ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከነርቮች ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል። ልብ ይፈጥናል፤ ግፊት ይጨምራል፤ እንቅልፍ ይሸሻል። ለሰውነት ያው ኡኡታ ነው፤ አውሬ ሳይመጣ የሚጮህ ኡኡታ። ግፊትና የልብ ሕመም ላለበት ሰው ከባድ ነው። እንቅልፍ ማጣት ለብቻው ብግነትን እንደሚጨምር ደግሞ የታወቀ ነው።

አሁን ደግሞ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር። አንድ ጎልማሳ ለቁርጥማቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዴክሳሜታዞን እየገዛ ለወራት ዋጠ። የመድኃኒት ቤቱ ሰው አልጠየቀውም፤ እሱም አልጠየቀ። በእርግጥ ሕመሙ ጠፋለት። «ተአምረኛ ክኒን» ይላት ነበር። ገንዘብ ሲያጥረው በአንድ ቀን አቆማት። ከቀናት በኋላ በቃሬዛ አመጡት። ግፊቱ ወርዷል፤ ያስመልሰዋል፤ መነሳት አይችልም። ክኒኑ ለወራት ከውጭ ሲመጣ የራሱ እጢ «ሥራዬን ሌላ ይዞልኛል» ብሎ ተኝቶ ነበር። ክኒኑ ሲቆም የሚያነሳው ሆርሞን አጣ። ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌ ሰጥተን አተረፍነው። ፕሬድኒሶሎንም፣ ዴክሳሜታዞንም ሐኪም ሲያዝ ሕይወት ያድናሉ። በዘፈቀደ ሲወሰዱ ስኳር ይጨምራሉ፤ አጥንት ያሳሳሉ፤ የተደበቀ ቲቢ ይቀሰቅሳሉ። ለሳምንታት የዋጠ ሰው ደግሞ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀንሳል እንጂ በድንገት አያቁም።

ከዚህ በኋላ ቡና ተቀዳና ጥያቄ ተጀመረ።

አንድ አባት «ልጄ፣ ታዲያ ዱዓችንና መንዙማችን መድኃኒት ነው ማለት ነው?» አሉኝ። እንዲህ መለስኩላቸው። አባቴ፣ ዱዓ ለምን እንደሚደረግ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ፤ እሱን በሆርሞን አልመዝነውም። ስለ ትንፋሽ ግን የማውቀውን ልንገርዎት። ረዘም አድርጎ ወደ ውጭ መተንፈስ ቬገስ የሚባለውን ነርቭ ይቀሰቅሳል፤ የልብ ምት ዝግ ይላል። ይህ ነርቭ ብግነትን የሚያበርድ መልእክት እንደሚያደርስ ኬቪን ትሬሲ የሚባል ሐኪም ከእነ ባልደረቦቹ በእንስሳት ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 አሳይቷል። ረጅም ዜማ የሚያዜም ሰው ደግሞ ሳያውቀው ረጅም ይተነፍሳል።

አንዲት እህት «አብሽሪ ማለትስ? ወሬ ብቻ ነው ወይስ ይሠራል?» አለች። ይህን ጥያቄ ወደድኩት። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 16 ባለትዳር ሴቶች የአንጎል ማንሻ ማሽን ውስጥ ገብተው «አሁን ኤሌክትሪክ ይነዝራችኋል» ተባሉ። የባላቸውን እጅ ሲይዙ የአንጎላቸው የአደጋ ደወል ቀነሰ። የማያውቁትን ሰው እጅ ሲይዙም ትንሽ ቀነሰ። የባል ግን በለጠ፤ ትዳሩ የሰመረ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ። ኡኡታው የሚነሳው ከዚያው ከአንጎል ነው። ስለዚህ «አብሽሪ» ስትሉ እጇንም ያዙ።

«አያትሽስ ጉልበቷ?» ያሉኝ ብዙ ናችሁ። እብጠቱ ጎድሏል። መድኃኒት ወስዳለች፤ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም በየቀኑ ታደርጋለች፤ እኔ ነኝ የማሠራት። እሷን ብትጠይቋት ግን «ቤቴ ገብቼ የራሴ መደብ ላይ የተኛሁ ቀን ነው የተሻለኝ» ነው የምትላችሁ።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ የደም ግፊት መለኪያ ይዤ እመጣለሁ። ከመለካታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና እንዳትጠጡ፤ ቡናም አድሬናሊን ያስነሳል። ከዳገቱ ስትደርሱም ቀጥታ ወደ እኔ አትምጡ። አምስት ደቂቃ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ፣ ሳታወሩ ተቀመጡ። ጀበናው የሚጣደው ሁላችሁም ተለክታችሁ ስታበቁ ነው፤ ከቡና አፍይዋ ጋር ተስማምተናል።